ከስክሪኑ በፊት ሳሎኑን መለካት፦ የቤት ሲኒማ ቴሌቪዥንና ስፒከር አመራረጥ

የብር የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ትልቅ ቴሌቪዥን መግዛት ለብዙ ቤተሰብ የዓመታት ውሳኔ ሆኗል። የመግዛት ልማዳችን ግን አብሮ አልተለወጠም። ገዢው ሱቅ የሚገባው "ስንት ኢንች ነው? 4ኬ ነው?" የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ይዞ ነው። ገንዘቡ እዚያው ያልቅና ድምፁ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ለተሸጎጡት ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ይተዋል።

ለቤት ሲኒማ ከተመደበው ገንዘብ ለቴሌቪዥኑ ከ60 በመቶ በላይ ባይውል ይመረጣል። 30 በመቶው ለድምፅ፣ የቀረው 10 በመቶ ለኤሌክትሪክ መከላከያና ለኬብል ይሁን። ሁለት መካከለኛ ቴሌቪዥኖች የሚለያዩት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው፤ ቤት ከገቡ በኋላ ዓይን ያለውን ይለምዳል። የተዋናዩን ንግግር ለመስማት ድምፅ መጨመር፣ ፍንዳታ ሲመጣ ደግሞ ሪሞት ፍለጋ መሮጥ ግን በየምሽቱ የሚያሰለች ነገር ነው።

ርቀቱ ኢንቹን ይወስናል

ሜትር ያዙና ተቀማጩ ዓይኑ ከሚያርፍበት ቦታ አንሥቶ ቴሌቪዥኑ እስከሚቆምበት ድረስ ለኩ። ኢንች የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በመሆኑ የስክሪኑን የጎን ስፋት ማወቅ ይጠቅማል፦ ባለ 43 ኢንች 95 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ባለ 55 ኢንች 122፣ ባለ 65 ኢንች 144፣ ባለ 75 ኢንች 166 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ፊልም ሲኒማ ቤት እንደተቀመጡ እንዲሰማ ስክሪኑ ከዓይን እይታ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ መያዝ አለበት። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ስፋቱ በ1.4 ሲባዛ የቅርቡን ወሰን፣ በ1.9 ሲባዛ የሩቁን ወሰን ይሰጣል። ስለዚህ ባለ 55 ኢንች ከ1.7 እስከ 2.3 ሜትር፣ ባለ 65 ኢንች ከ2 እስከ 2.7 ሜትር፣ ባለ 75 ኢንች ከ2.3 እስከ 3.2 ሜትር ርቀት ይስማማዋል። ከሶፋ እስከ ትይዩው ግድግዳ 2.5 ሜትር ያህል በሚደርስ የኮንዶሚኒየም ሳሎን 65 ኢንች ልክ ነው። 55 ቢገዛ ጥፋት የለውም፤ ለዜና ጥሩ፣ ለፊልም ትንሽ ያነሰ ይሆናል።

4ኬ (8 ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን የምስል ነጥቦች ወይም ፒክስሎች ያሉት ስክሪን) ጥቅም የሚሰጠውም ከዚሁ ርቀት አንጻር ነው። ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን የሚለየው በመካከላቸው የዲግሪ አንድ ስድሳኛ ያህል ክፍተት ሲኖር ነው። በባለ 43 ኢንች ፉል ኤችዲ (1920 በ1080 ፒክስል) ስክሪን ላይ ያሉት ፒክስሎች ከ1.7 ሜትር በላይ ሲርቁ ተዋሕደው ይታያሉ፤ በ65 ኢንች ላይ ይህ የሚሆነው ከ2.6 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ በ3 ሜትር ርቀት ለሚታይ ባለ 43 ኢንች ስክሪን 4ኬ ስለተባለ ብቻ ተጨማሪ መክፈል ዓይን ለማያየው ነገር መክፈል ነው። በ65 ኢንችና ከዚያ በላይ የሚሸጡት ሁሉም ለማለት ይቻላል 4ኬ ናቸው ስለሚባል ጥያቄው ሌላ ይሆናል፤ እውነት 4ኬ ነው ወይ?

"4ኬ ይቀበላል" እና "4ኬ ያሳያል" ይለያያሉ። ስማቸው ባልታወቀ ስክሪኖች ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ አንዳንዴ ቴሌቪዥኑ የ4ኬ ፋይል መክፈት እንደሚችል ብቻ የሚናገር ነው፤ ፓነሉ ግን 1920 በ1080፣ አልፎ ተርፎም 1366 በ768 ሊሆን ይችላል። የምትፈትኑት እንዲህ ነው። 3840 በ2160 የሆነ፣ አንድ ፒክስል ጥቁር አንድ ፒክስል ነጭ እየተፈራረቀ በመስመር የተሠራ የመፈተኛ ቪዲዮ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ ውስጥ ክፈቱትና አፍንጫችሁን ስክሪኑ ላይ አስጠግታችሁ እዩ። እውነተኛ 4ኬ ከሆነ መስመሮቹ ተለይተው ይቆማሉ፤ ካልሆነ ግራጫ ይሆናሉ ወይም የተዛባ ሞገድ ይሠራሉ።

ሁለተኛው ወጥመድ "ስማርት" የሚለው ነው። የጎግል ፈቃድ በሌለው አንድሮይድ የሚሠሩ ቴሌቪዥኖች ዩቲዩብን በደንብ ሊያሳዩ ይችላሉ። ኔትፍሊክስና መሰሎቹ ግን የይዘት ጥበቃ ደረጃው ዋይድቫይን ኤል1 ካልሆነ ከኤችዲ በታች በሆነ ጥራት ብቻ ይለቃሉ። ስክሪኑ ምንም ያህል ቢሰፋ ምስሉ የደበዘዘ ሆኖ ይቀራል።

ወደ ስክሪኑ የሚገባው ምንድን ነው?

በመደበኛ ጥራት የሚተላለፍ የሳተላይት ጣቢያ 720 በ576 ፒክስል አለው፤ 414,720 ነጥብ ማለት ነው። 4ኬ ስክሪን 8,294,400 ነጥብ አለው፤ በትክክል 20 እጥፍ። ቴሌቪዥኑ ከአንዱ እውነተኛ ነጥብ 19 ሌላ ነጥብ ገምቶ ይሞላል። ለዚህ ነው አዲስ የተገዛ ትልቅ ስክሪን በአንዳንድ ጣቢያዎች ላይ ከአሮጌው ባለ 32 ኢንች የባሰ የሚመስለው። ቴሌቪዥኑ አልተበላሸም።

ይሁንና ከማማረር በፊት የዲሽ ሪሲቨሩ በምን እንደተያያዘ እዩ። ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ባለው የኤቪ ኬብል ከተያያዘ የኤችዲ ጣቢያ እንኳ በመደበኛ ጥራት ነው የሚደርሰው። በኤችዲኤምአይ ኬብል ተኩት፤ ቀጥሎ የሪሲቨሩን ሜኑ ከፍታችሁ የቪዲዮ ውጤቱን ከ576 ወደ 1080 ቀይሩ። ብዙ ሪሲቨሮች ኬብሉ ቢቀየርም በአሮጌው ቅንብር ይቀጥላሉ። የሰው ሁሉ ፊት ቀጭንና ረጅም ወይም ጠፍጣፋ ከሆነ ደግሞ የምስል ቅርጹ ከጣቢያው ጋር ስላልገጠመ ነውና ወደ "ኦቶ" መልሱት።

በኢንተርኔት ለሚያይ ሰው ቁጥሩ ግልጽ ነው። ኔትፍሊክስ ለ4ኬ በሰከንድ 15 ሜጋቢት፣ ለፉል ኤችዲ 5 ሜጋቢት ፍጥነት ይጠይቃል፤ 4ኬ በሰዓት እስከ 7 ጊጋባይት፣ ኤችዲ እስከ 3 ጊጋባይት ዳታ ይጨርሳል። የሁለት ሰዓት ፊልም በ4ኬ 14 ጊጋባይት ሊበላ ይችላል። ያልተገደበ መስመር ለሌለው ቤት ጥሩ ፉል ኤችዲ ፋይል በፍላሽ ማየት የተሻለ ምርጫ ነው። እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ ችግሮች አሉ። ፍላሹ በፋት32 ፎርማት ከተደረገ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ወደ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ለውጡት፣ ግን ቴሌቪዥኑ የትኛውን እንደሚያነብ አስቀድማችሁ ሞክሩ። ሁለተኛው ምስሉ እየታየ ድምፁ ጭራሽ የማይሰማበት ሁኔታ ነው። የፊልሙ ድምፅ ዲቲኤስ በሚባል የድምፅ ፎርማት ተቀርጾ ከሆነና ቴሌቪዥኑ የዲቲኤስ ፈቃድ ከሌለው የሚሆነው ይህ ነው። ስፒከር ተቃጠለ ብሎ ወደ ጥገና መውሰድ አያስፈልግም፤ በኮምፒውተር ድምፁን ብቻ ወደ ኤሲ3 መለወጥ ይበቃል።

ጥቁሩ ምን ያህል ጥቁር ነው?

ከሪዞሉሽን ይልቅ የፊልምን ውበት የሚሸከመው ኮንትራስት፣ ማለትም የነጩና የጥቁሩ ልዩነት ነው። በኤልሲዲ ቴሌቪዥኖች ዘንድ ሁለት ዓይነት ፓነል አለ። ቪኤ የሚባለው ጥቁሩ ጥልቅ ነው፤ ኮንትራስቱ 3,000 ለ1 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ከጎን ሲታይ ግን ቀለሙ ይገረጣል። አይፒኤስ 1,000 ለ1 አካባቢ ሆኖ በጨለማ ክፍል ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፤ ከጎን የተቀመጠው ሰው ግን እንደ ፊት ለፊቱ ያያል። ሶፋው በኤል ቅርጽ ለሆነና ብዙ ሰው ከጎን ለሚያይበት ሳሎን አይፒኤስ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ማታ መብራት ቀንሶ ፊልም ለሚያይ ቪኤ። ኪውሌድ የሚባለውም ቀለሙ የተሻሻለ ኤልሲዲ ነው፤ ስሙ ከኦሌድ ጋር ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኦሌድ እያንዳንዱ ፒክስል ራሱ የሚበራ ስለሆነ ጥቁሩ ፍጹም ነው፤ ለፊልም አቻ የለውም። ነገር ግን ከጠዋት እስከ ማታ አንድ የዜና ጣቢያ ተከፍቶ በሚውልበት ቤት የጣቢያው ዓርማ ከጊዜ በኋላ ስክሪኑ ላይ ታትሞ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ላለው ቤት ኦሌድን አንመክርም።

ኤችዲአር (በደማቁና በጨለማው መካከል ያለውን ልዩነት የሚያሰፋ የምስል ዓይነት) የሚለው ጽሑፍም መመርመር አለበት። ከ250 እስከ 300 ኒት (የብርሃን መለኪያ) ብቻ የሚያበራ ርካሽ ስክሪን የኤችዲአር ፋይል ይቀበላል እንጂ ልዩነቱን የማሳየት አቅም የለውም፤ እንዲያውም ምስሉ ይጨልማል። ከ600 ኒት በላይ ብርሃንና የጀርባ መብራቱን በየክፍሉ የሚያደበዝዝ ሥርዓት ከሌለ ለኤችዲአር ተብሎ ብር አይጨመርም።

ሱቅ ውስጥ የሚታየው ደማቅ ምስል "ቪቪድ" ወይም "ዳይናሚክ" በሚባል ቅንብር ነው። ቤት ሲገባ በመጀመሪያው ማስተካከያ ላይ "ሆም" መመረጡን አረጋግጡ፤ "ስቶር" ተብሎ ከቀረ ያስተካከላችሁት ሁሉ በየጊዜው እየተሰረዘ ይመለሳል። ከዚያ "ሲኒማ"፣ "ሙቪ" ወይም "ፊልምሜከር" የሚለውን ምረጡ። መጀመሪያ ቢጫ ይመስላል፤ ትክክለኛው ቀለም እሱ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ስለሚቀረጽ "ሞሽን" የሚለውን ማለስለሻ ካላጠፋችሁት ትልቅ የፊልም ሥራ በርካሽ ካሜራ የተቀረጸ ድራማ ይመስላል። ለኳስ መልሳችሁ ብታበሩት ችግር የለውም።

ድምፅ፦ ገንዘብ የሚባክንበት ቦታ

ገበያ ላይ "10,000 ዋት" ተብሎ የሚሸጥ ስፒከር አለ። ፒኤምፒኦ የሚባለው ይህ ቁጥር ምንም ትርጉም የለውም። ማወቅ ከፈለጋችሁ ስፒከሩን አዙሩና የኤሌክትሪክ መግቢያው አጠገብ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። "220 ቮልት፣ 60 ዋት" ይላል እንበል። ከሶኬት 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ ሳያቋርጥ ከዚያ በላይ ድምፅ አያወጣም። መጠየቅ ያለበት አርኤምኤስ የሚለው፣ ሳያቋርጥ የሚወጣው ዋት ነው፤ እሱም ቢሆን ከስፒከሩ ሴንሲቲቪቲ ጋር ካልታየ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሴንሲቲቪቲው 88 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ) የሆነ ስፒከር በአንድ ዋት ብቻ በአንድ ሜትር ርቀት 88 ዴሲቤል ይሰጣል፤ ዋቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው። ጆሮ "እጥፍ ሆነ" የሚለው 10 ዴሲቤል ሲጨምር ነውና ለዚያ 10 እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። በመካከለኛ ሳሎን ለእያንዳንዱ ስፒከር ንጹሕ 50 ዋት ከበቂ በላይ ነው።

በ5.1 (ለአምስት ስፒከሮችና ቤዝ ብቻ ለሚያወጣ አንድ ሳብዉፈር) በተቀናበረ ፊልም ውስጥ ንግግሩ በአብዛኛው የሚወጣው ከመሐለኛው ስፒከር ነው። ይህን ያወቀ ሰው ገንዘቡን የት እንደሚያውል ያውቃል። አምስት ደካማ ስፒከሮች በአንድ ካርቶን ከሚሸጡበት ስብስብ ይልቅ ሁለት ጥሩ የመደርደሪያ ስፒከሮች፣ ወይም የራሱ መሐለኛ ቻናል ያለውና ለብቻው ሳብዉፈር የተጨመረለት ባለ 3.1 ሳውንድ ባር (ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጥ ረጅም ስፒከር) ይሻላል። ባለ 2.1 እና ባለ 3.1 ሳውንድ ባር በዋጋ ብዙ ላይራራቁ ይችላሉ፤ በንግግር ግልጽነት ግን ይለያያሉ።

ሙሉ 5.1 ቦታ ይፈልጋል። የፊቶቹ ሁለት ስፒከሮች ከተቀማጩ ግራና ቀኝ በ30 ዲግሪ፣ ትዊተራቸው (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክፍል) በጆሮ ከፍታ ሆኖ ይቆማሉ። የኋላዎቹ በ110 ዲግሪ፣ ማለትም ከጆሮ መስመር ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከጆሮ ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው ይሰቀላሉ። ሶፋው ግድግዳ ከተደገፈ ለእነዚህ ቦታ የለም፤ ጆሮ ላይ ተለጥፈው ከፊልሙ ትኩረት ይነጥቃሉ። እንደዚህ ባለ ሳሎን የኋላዎቹን ትቶ ገንዘቡን ፊት ለፊት ማዋል ነው። ወደ ላይ የሚተኩሱ የዶልቢ አትሞስ (ድምፅ ከላይም እንዲመጣ የሚያደርግ ሥርዓት) ስፒከሮችም ድምፁን ከኮርኒስ አንጥረው ነው የሚሠሩት፤ ኮርኒሱ ጠፍጣፋ፣ ጠንካራና ከ2.3 እስከ 3.7 ሜትር ከፍታ ያለው መሆን አለበት። አቡጀዲ ወይም ማዳበሪያ በተወጠረበት ቤት ድምፁ ተመልሶ አይመጣም፤ በችፑድ ወይም በጂፕሰም ግን ይሠራል።

ሳብዉፈር ላይ ሰው ሁሉ ጥግ ይመርጣል። ጥግ ቤዙን ያጎላዋል፣ ያጎረናዋልም። ምክንያቱ የክፍሉ ርዝመት ነው፤ የድምፅን ፍጥነት 343ን ለርዝመቱ እጥፍ አካፍሉ። 4 ሜትር ክፍል 43 ኸርዝ አካባቢ፣ 3 ሜትር 57 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ለብቻው ያስጮኻል። ርዝመቱና ስፋቱ እኩል የሆነ ክፍል ሁለቱም ጎኑ አንድ ዓይነት ስለሚያስጮኽ ከሁሉ የከፋ ነው። መፍትሔው ሳብዉፈሩን ለጊዜው ሶፋው ላይ፣ የራሳችሁ መቀመጫ ላይ አስቀምጡና ቤዝ የበዛበት ሙዚቃ ክፈቱ። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ በግድግዳዎቹ ሥር እየዞራችሁ አድምጡ። ቤዙ እኩልና ንጹሕ ሆኖ የተሰማበት ቦታ የሳብዉፈሩ ቦታ ነው። ሶፋውንም ከግድግዳ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ማራቅ ጉርምርምታውን በግልጽ ይቀንሳል። መከፋፈያውን፣ ማለትም ከሱ በታች ያለው ድምፅ ወደ ሳብዉፈሩ የሚሄድበትን ወሰን፣ 80 ኸርዝ ላይ አድርጉ።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቤዝ በስላብና በብሎኬት አልፎ ከታች ያለው ጎረቤት ዘንድ ይደርሳል። ከሳብዉፈሩ ሥር ወፍራም ላስቲክ ወይም ጠንካራ ስፖንጅ ማድረግ ንዝረቱን ይቆርጣል፣ በአየር የሚያልፈውን ግን አይከለክልም። ማታ "ናይት ሞድ" የሚለውን አብሩ፤ ዝቅተኛውን ንግግር ከፍ፣ ከፍተኛውን ፍንዳታ ዝቅ ያደርጋል። ለዚህ ዓይነት ቤት ባለ 8 ኢንች ሳብዉፈር ይበቃል።

ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ የሆነ ሳሎን ውስጥ ውዱ ስፒከርም ይጮኻል። አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ ጭብጨባው "ዝንን" ብሎ ከቀረ ንግግር አይጠራም። በቴሌቪዥኑና በሶፋው መካከል 2 በ3 ሜትር የሆነ ወፍራም ምንጣፍ፣ እስከ ወለል የሚደርስ ከባድ መጋረጃ፣ ከተቻለ ከጎን መጻሕፍት የተደረደሩበት መደርደሪያ፤ ይህ ሁሉ አምፕሊፋየር ከመቀየር የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ሽቦው የተለየ ነገር አይፈልግም። ማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የሚያቀርበው ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ጥንድ የመዳብ ሽቦ ለ8 ኦም ስፒከር እስከ 10 ሜትር ድረስ በቂ ነው። ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ጋር ይሂድ። አንዱ ስፒከር ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፣ ድምጹም ከመሐል መምጣቱን ትቶ ይበተናል፤ "ስፒከሩ ደካማ ነው" ተብሎ ከሚመለሰው ዕቃ ውስጥ እንዲህ የተያያዘ አይጠፋም። ከቴሌቪዥን ወደ ሳውንድ ባር የሚሄደው ኬብል "አርክ" ወይም "ኢአርክ" የሚል ጽሑፍ ያለበት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ላይ ይሰካ። በሌላው ቀዳዳ ድምፅ አይወጣም። በቴሌቪዥኑ ሜኑ ውስጥ የድምፅ ውጤቱ "ፒሲኤም" ላይ ከቆመ 5.1ም ወደ ሁለት ቻናል ይጨመቃል፤ "ኦቶ" ወይም "ፓስስሩ" አድርጉት።

ፕሮጀክተር ለሚያስብ ሰው አንድ ማሳሰቢያ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አየሩ ሥሥ ስለሆነ ማቀዝቀዣው ይዳከማል። ብዙ አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ "ሃይ አልቲትዩድ" የሚለው ቅንብር እንዲበራ ያዝዛሉ። ካልበራ አምፖሉ ዕድሜው ያጥራል፤ ሲበራ ደግሞ የማራገቢያው ድምፅ ይጨምራል።

ኤሌክትሪኩ

ዘመናዊ ቴሌቪዥን ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ከሆነ የቮልቴጅ መውረድ ብዙም አይጎዳውም። የሚገድለው ከፍ ማለቱ ነው። በሠፈር መስመር ላይ ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ሲበጠስ በቤት ውስጥ ያለው 220 ቮልት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፤ በአንድ ማታ የብዙ ቤት ዕቃ አብሮ የሚቃጠልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ስታብላይዘር ስትገዙ "ያስተካክላል ወይ?" ብቻ ሳይሆን "ከ250 ቮልት በላይ ሲሆን ይቆርጣል ወይ? መብራት ሲመጣ ቆይቶ ነው የሚለቀው?" ብላችሁ ጠይቁ። ለባለ 65 ኢንች ቴሌቪዥንና ለሳውንድ ባር 1,000 ቪኤ (ቮልት አምፒር) ስታብላይዘር ይበቃል። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ ሲበራና ሲጠፋ ያለው መወዛወዝ እንዳይደርስ ቴሌቪዥኑን ከምጣዱ ጋር በአንድ መስመር አታድርጉ። በክረምት ነጎድጓድ ሲኖር ሶኬት መንቀል ብቻውን አይበቃም፤ የዲሹም ኬብል ከሪሲቨሩ ይፈታ። ከስፒከሩ የማያቋርጥ "እምምም" የሚል ድምፅ ከመጣ የዲሹን ኬብል ለአፍታ ፈትታችሁ አድምጡ፤ ከጠፋ ችግሩ የግራውንድ ነው፤ ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ማከፋፈያ መሰካትና የዲሹን መስመር በአይሶሌተር ማሳለፍ ያስተካክለዋል።

ከአሜሪካ ለሚመጣ ዕቃ ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ሳይነበብ አይሰካም። "100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ" የሚል ቴሌቪዥን የሶኬት ጫፉ ብቻ ይቀየርለታል። "120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ" የሚለው 220 ላይ ሲሰካ ወዲያው ፊውዙንና መከላከያውን ያቃጥላል። ቴሌቪዥኑ ሁለቱን ቢቀበል እንኳ ሳብዉፈርና ኤቪ አምፕሊፋየር ብዙውን ጊዜ 120 ብቻ ናቸው፤ ዋታቸውን እጥፍ የሚሸከም ትራንስፎርመር ይጠይቃሉ። ክብደቱና ዋጋው ሲታሰብ ስፒከሩን እዚሁ ወይም ከዱባይ መግዛት ይቀላል፤ የዱባዩ 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ የሶስት እግር ጫፉን ከመለወጥ በቀር ችግር የለውም። የአሜሪካ ቴሌቪዥን የአየር ሞገድ መቀበያው ለኛ አይሠራም፤ በዲሽ ሪሲቨርና በኤችዲኤምአይ ለሚያይ ሰው ግን ይህ አያሳስብም።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ስክሪኑ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሲሆን እዩት፤ የሞተ ፒክስልና ከጥግ የሚያፈስ ብርሃን የሚታየው ያኔ ነው። የካርቶኑ ሴሪያል ቁጥር ከጀርባው ካለው ጋር ይመሳከር። የቴሌቪዥኑን እግሮች ርቀት ከቡፌው ርዝመት ጋር አስቀድማችሁ ለኩ፤ የብዙ ትልልቅ ስክሪኖች እግር ጫፍና ጫፍ ላይ ስለሆነ 120 ሴንቲ ሜትር ቡፌ ላይ ባለ 65 ኢንች ላይቆም ይችላል። ስትጭኑትም ካርቶኑን አቁማችሁ፣ በሁለት ሰው ጎንና ጎኑን ይዛችሁ ነው፤ ተጋድሞ በመኪና ላይ የሄደ ትልቅ ፓነል በመጀመሪያው ጉድጓድ ከመሐሉ ሊሰነጠቅ ይችላል።